ኮከቡ ተጫዋች ሕግ ሲጥስ፦ ከታዳጊዎች ሜዳ ወደ ሥራ ቦታ የሚሻገረው እና የማይሻገረው

የመስመር ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሁለት ኃላፊነት ደርቦ ስለያዘ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ የ12 እና የ13 ዓመት ልጆችን እግር ኳስ ያሰለጥናል፤ ቀን ቀን ደግሞ ስምንት የሽያጭ ሠራተኞችን ይመራል።

ሜዳው ላይ 16 ልጆች አሉ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ልምምድ፣ አንድ ቀን ጨዋታ። ብዙ ግብ የሚያገባው ልጅ አርፍዶ ይመጣል፣ ኳስ ሲነጠቅ እጁን አወናጭፎ ይቆማል፣ ደከም ያለው ልጅ ሲሳሳት ይስቅበታል። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ከስምንቱ ትልቁን ሽያጭ የሚያመጣው ሰው የደንበኛ መረጃ አይመዘግብም፤ ባልደረባው ለሳምንታት ሲያነጋግረው የቆየውን ደንበኛ በመጨረሻው ሰዓት ገብቶ ያስፈርማል። ሁለቱም ባይኖሩ ውጤት ይወርዳል። የቀሩት 15 ልጆችና ሰባት ሠራተኞች ኃላፊው ምን እንደሚያደርግ ቁጭ ብለው እያዩ ነው።

ሕጉ ምን ተብሎ ይጻፍ? ሲጣስስ በምን ቅደም ተከተል ይኬዳል? እርማት መቼና በምን ቃል ይሰጥ? ከሜዳ ወደ ቢሮ ጭራሽ የማይሻገረውስ የቱ ነው? «አርአያ ሁን» የሚለውን ሁላችንም ሰምተነዋል። ነገ ጠዋት ሊሠራበት የሚችል ነገር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ባለ ፊሽካው፦

ከልጁ ጠባይ አይጀምሩ፤ ከመጫወቻ ደቂቃው ይጀምሩ። ታዳጊ የሚያሰለጥን ሰው እጁ ላይ ያለው ክፍያ እሱ ነው። አርፍዶ የመጣ ልጅ ሙሉ ጨዋታ ከተጫወተ አሰልጣኙ ለማርፈዱ በ15 ምስክር ፊት ከፈለው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሥነ ሥርዓት የሚናገረው ሁሉ ከአንገት በላይ ይሆንበታል። ቢሮ ውስጥ ክፍያው ኮሚሽን፣ ጥሩ ደንበኛ፣ የአለቃ ጊዜ እና ምስጋና ነው። እነዚህ አራቱ ባለፈው ወር ለማን ለማን እንደሄዱ ወረቀት ላይ ይጻፉ። የቡድንዎ እውነተኛ ሕግ እዚያ ወረቀት ላይ ይገኛል።

የደቂቃውን ሒሳብ ልሥራው። ዘጠኝ ለዘጠኝ፣ 60 ደቂቃ ጨዋታ ከሆነ እጅዎ ላይ ያለው 540 ደቂቃ ነው። ለ16 ልጅ እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 33 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይደርሰዋል። ማንም ልጅ ከ30 ደቂቃ በታች አይጫወት ከተባለ 480ው አለቀ፤ በእርስዎ ውሳኔ የሚከፋፈለው የቀረው 60 ደቂቃ ነው። በረኛው ሙሉውን ከቆመ ከዚያ ላይ 30ውን ወሰደ። ኮከቡ ሙሉውን ከተጫወተ ደግሞ ሌላው 30 ሄደ። እሱን ሙሉ ጨዋታ ማሰለፍ ማለት በትርፍነት የቀረዎትን ደቂቃ ሁሉ ለአንድ ልጅ መስጠት መሆኑን ቁጥሩን ሳይሠሩ ማየት ከባድ ነው።

ሕጎቹ ከአራት አይብለጡ፤ በዓይን የሚታዩም ይሁኑ። «እንከባበር» የሚል ሕግ ማን መቼ እንደጣሰው ማሳየት አይቻልም። ለሜዳው እንዲህ ቢጻፍ ይሠራል፦ ልምምድ ሲጀመር ጫማ ታስሮ፣ የቅልጥም መከላከያ ገብቶ፣ ውሃ ተይዞ ሜዳ ውስጥ መገኘት፤ የሚቀር ወይም የሚዘገይ ሰው ቀድሞ ማሳወቅ፤ ኳስ የተነጠቀ አምስት እስኪቆጠር ድረስ መልሶ ለመንጠቅ መሮጥ፤ ጓደኛ ሲሳሳት ወይ «ቀጥል» ማለት ወይ ዝም ማለት። ለቢሮው ሁለት ይበቃል። ከደንበኛ ጋር የተደረገ ንግግር በ24 ሰዓት ውስጥ ይመዘገባል። ደንበኛው ደግሞ ቀድሞ ለመዘገበው ሠራተኛ ይሆናል፤ 30 ቀን ሙሉ ካላነጋገረው ግን ለሌላ ይለቀቃል። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ካልገባ አንዳንዱ ስም እየመዘገበ ደንበኛ ያከማቻል።

የ12 ዓመት ልጅ መኪና እንደማይነዳ አይርሱ። ማርፈዱ የአድራሹ ከሆነ ልጁን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ባልሠራው ጥፋት መቅጣት ነው። ስለዚህ ከልጁ የሚጠበቀው በእጁ ያለው ነገር ይሁን፦ ቀድሞ ማሳወቅ፣ ትጥቁን ለብሶ መምጣት፣ እንደደረሰ ሮጦ መግባት። የሰዓቱን ነገር ከወላጅ ጋር ይጨርሱት።

ሕግ ሲጣስ መጀመሪያ በዚያው ቀን፣ ለብቻ፣ ከሦስት ደቂቃ ያልበለጠ ንግግር። ሲደገም የቀጣዩን ጨዋታ የመጀመሪያ 15 ደቂቃ ወንበር ላይ። ሲሠለስ የመጀመሪያው አጋማሽ በሙሉ። ሦስተኛውም ቢሆን 30 ደቂቃውን እንደማይነካበት ልብ ይበሉ፤ ልጁ ትርፉን ያጣል እንጂ ከቡድኑ አልወጣም። ቃሉ አጭር ይሁን፦ «በመጀመሪያው ቀን የተስማማነውን ታውቃለህ። ይህ ሁለተኛው ነው። በሚቀጥለው ጨዋታ 15 ደቂቃ ትጠብቃለህ፤ ስትገባ ደግሞ እፈልግሃለሁ።» ምክንያት ቢደረድር አዳምጠው ያንኑ ይድገሙለት።

ማሾፍ ግን ደረጃ አይጠበቅለትም። ልምምዱ እዚያው ይቆማል፣ የሳቀው ይወጣል፣ ጨዋታው ያለ እሱ ይቀጥላል፤ ሲመለስ ከሳቀበት ልጅ ጋር በአንድ ወገን ይሰለፋል። የተሳቀበት ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳስ መጠየቅ ያቆማል፤ ተጎጂው እሱ ነው። ዙር ማስሮጥንም በቅጣትነት አይጠቀሙበት። ሩጫ ስፖርቱ ራሱ ነው፤ ቅጣት ካደረጉት ልጁ ከውርደት ጋር አያይዞት ያድጋል። ሪፖርት መጻፍን ለቅጣት የሚሰጥ አለቃም ያንኑ ስህተት ነው የሚሠራው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈጻሚ የሚሆንበት ሰው ላይ ነው። በወንበር ተቀማጩ ላይ ከተጀመረ ኮከቡ «ይህ እኔን አይመለከትም» ብሎ ይማራል። ለፍጻሜ ጨዋታ ከቆየ ደግሞ አሰልጣኙ ራሱ አይደፍረውም። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል፦ ዋጋው ዝቅተኛ በሆነበት ጨዋታ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ኮከቡ ራሱ ላይ ይፈጸም። ሌላው ወጥመድ ልጁ በ16ኛው ደቂቃ ገብቶ ሁለት ግብ ሲያገባ የሚመጣው እቅፍ ነው። ግቡ የማርፈድ ይቅርታ ሆኖ ይቆጠራል። ለግቡ የሚሰጠው ደስታ ለማንኛውም ልጅ ከሚሰጠው አይብለጥ።

አማካይ፦

ባለ ፊሽካው ስለ ደቂቃ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ ስለ እርማት ልናገር።

በዚህ ላይ በደንብ ከተጠኑት አሰልጣኞች አንዱ የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ጆን ውደን ነው፤ በ12 ዓመት ውስጥ 10 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ ያነሣ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1974 እና 1975 የውድድር ዘመን ሮላንድ ታርፕ እና ሮናልድ ጋሊሞር የተባሉ ተመራማሪዎች ልምምዱ ላይ ቁጭ ብለው ያደረገውን ሁሉ መዘገቡ። ከ2,326 ድርጊቶች ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ መረጃ ነበር፦ ምን ይደረግ፣ እንዴት ይደረግ። ሙገሳው ከመቶ ሰባት አይሞላም፤ ቁጣውም እንደዚያው። ብዙ አሰልጣኝ ማመስገን ይሻላል ወይስ መቆጣት እያለ ሲጨነቅ ውደን ጊዜውን በሙሉ ማለት ይቻላል በማስተማር አሳለፈው። የወቅቱ የመጀመሪያ ትምህርቱ ካልሲ አደራረግና ጫማ አስተሳሰር እንደነበርም ይታወቃል፤ የተጨማደደ ካልሲ እግር ያቆስላል፣ እግሩ የቆሰለ ተጫዋች ልምምድ ያመልጠዋል።

ሁለተኛው ማስረጃ ጠንከር ያለ ነው። አቭራሃም ክሉገር እና አንጄሎ ዴኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ ግብረ መልስ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው ሲያዩ በአማካይ ግብረ መልስ ሥራን ያሻሽላል፤ ከሦስት አንድ በሚበልጠው ግን የሰውየውን ሥራ አባባሰው። ማብራሪያቸው ለአሰልጣኝም ለአለቃም ይጠቅማል፦ ንግግሩ የሰውን ሐሳብ ከሥራው አንሥቶ ወደ ራሱ ማንነት ሲወስደው ይጎዳል። «ሰነፍ ነህ» ወደ ማንነት ይወስዳል። «ኳሱን ከመቀበልህ በፊት ትከሻህን አዙረህ እይ» ወደ ሥራው ይመልሳል። በሙገሳም እንዲሁ ነው። ክላውዲያ ሙለር እና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ሥራ በብልህነታቸው የተመሰገኑ ልጆች ከባድ ነገር ሲገጥማቸው በጥረታቸው ከተመሰገኑት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ። «አንተ እኮ ተፈጥሮህ ነው» የተባለ ግብ አግቢ ግብ ያጣ ቀን የሚይዘው ነገር የለውም። እጁን አወናጭፎ የሚቆመውም አንዳንዴ ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ያዩት፣ የሚደረገው፣ ወዲያው ሙከራ፦ «ኳሱ ሲመጣ ቆመህ ጠበቅኸው። ሁለት እርምጃ ሄደህ ተቀበለው። እንደገና።» ከ15 ሰከንድ አይበልጥም። ሦስተኛው ክፍል፣ ሙከራው፣ ከቀረ እርማቱ ወሬ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ልምምድ ለአንድ ልጅ አንድ ነገር ብቻ፤ ሦስት ከተነገረው አንዱንም ይዞ አይሄድም። ኳስ በእግሩ ላይ ያለን ልጅ ደግሞ ከመስመር ዳር አይጩኹበት፦ በዚያች ቅጽበት አእምሮው ኳሱን፣ ተከላካዩንና ጓደኛውን ይዟል፣ የእርስዎን ድምፅ የሚጨምርበት ቦታ የለውም። ኳሱ ሲወጣ ይንገሩት።

ወደ ቢሮ ሲመጣ ሰዓቱ ነው የሚከብደው። ሠራተኛው ጥር ላይ ያጠፋውን ሰኔ ላይ በዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ምዘና መንገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ሊሞክረው የሚችልበት ደንበኛ ካለፈ አምስት ወር ሆኖታል። ደንበኛ ዘንድ አብረው ሄደው ከሆነ ከቀጣዩ ቀጠሮ በፊት፣ በመንገድ ላይ፦ «ዋጋ ሲጠይቅህ ወዲያው ነገርኸው። በቀጣዩ ላይ መጀመሪያ በወር ስንት እንደሚጠቀም ጠይቀው።» ከዚያ ቀጣዩ ቀጠሮ ሙከራው ይሆናል። ዝም አይነቅዝም የሚለው አነጋገር ለሐሜት ይሠራል፤ ለእርማት ግን አይሆንም፣ ያልተነገረ እርማት ይነቅዛል።

የወላጅ ተወካይ፦

ሁለት ነገር ላስተካክል፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው ጥያቄ፣ ወደማይሻገረው፣ እገባለሁ።

ባለ ፊሽካው «ለብቻ» ያሉት ለልጅ ሲሆን መገደብ አለበት። አዋቂ ሰው ከሌላ ሰው ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ወይም ማንም በማያይበት ቦታ ለብቻው አይነጋገር። ሌሎች ልጆች ቃሉን በማይሰሙበት፣ ሌላ አዋቂ ግን በሚያይበት ቦታ ይሁን፤ የሜዳው ጠርዝ ይበቃል። ለልጁ በስልክ ለብቻው መልእክት መላክም እንዲሁ፤ ወላጁ ወይም ሁለተኛው አሰልጣኝ ያለበት ቡድን ውስጥ ይላክ። ይህ ልጁንም አሰልጣኙንም ይጠብቃል። ቢሮ ውስጥ ግን ተቃራኒው ነው፤ በር ተዘግቶ መነጋገር የሠራተኛው ክብር ነው።

ሁለተኛ፣ ኮሚሽንን እንደ መጫወቻ ደቂቃ መያዝ አደገኛ ነው። ደቂቃው የአሰልጣኙ ነው፤ ሠራተኛው የሠራበት ገንዘብ ግን የሠራተኛው ነው። «መዝገብ ካልሞላህ ኮሚሽን አይከፈልህም» የሚባለው ከሽያጩ በፊት፣ በጽሑፍ፣ በሥራ ውሉ ወይም በኮሚሽን ደንቡ ውስጥ ገብቶ ሠራተኛው ከፈረመበትና ሕጉ ከፈቀደ ብቻ ነው። በመሃል የመጣ ቅጣት ወደ ክርክር ይወስዳል፤ የሚያሸንፈውም ብዙ ጊዜ ሠራተኛው ነው። ከገንዘቡ በፊት በአለቃው ሥልጣን ሥር ያሉት ነገሮች ይንቀሳቀሱ፦ አዲስ የመጣ ትልቅ ደንበኛ ለማን ይሰጥ፣ አዲስ ሠራተኛ ማንን ተከትሎ ይማር፣ በስብሰባ ላይ የማን አሠራር ለምሳሌነት ይቅረብ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም የራሱ ሥርዓት አለው፤ ያንን በሜዳ ልማድ ማሳጠር አይቻልም።

አሁን የማይሻገረው። ልጁ ለእርስዎ አይሠራም፤ እርስዎ ነዎት ለእሱ የሚሠሩት። የ12 ዓመት ቡድን ቢሸነፍና ሁሉም ልጅ ተሻሽሎ በቀጣዩ ዓመት ቢመለስ አሰልጣኙ ሥራውን ሠርቷል። ድርጅት ግን ሠራተኞቹ እየተማሩ እየከሰረ መኖር አይችልም። ስለዚህ ለኮከቡ ልጅ የመጨረሻው ደረጃ አጋማሽ ማጣት ነው፤ ባልደረቦቹን ለሚያጠፋ አዋቂ የመጨረሻው ደረጃ መሰናበት ነው። ይህን ልዩነት የደባለቁ በሁለቱም በኩል ይጎዳሉ፦ ልጅ «ያባርራሉ»፣ ጎጂ ሠራተኛን ደግሞ «ያድጋል» እያሉ ለዓመታት ይጠብቃሉ።

አንድ ሰው በሁለቱም ዓለም ስለሠራ ልጥቀሰው። ቢል ካምቤል ከ1974 እስከ 1979 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርኩን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን አሰልጥኖ 12 አሸንፎ፣ 41 ተሸንፎ፣ በአንዱ አቻ ወጣ። ከዚያ ወደ ንግዱ ገብቶ የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሠራው የኢንትዊት ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ፤ የአፕልና የጉግል መሪዎች አማካሪም ነበር። ለሰው የሚያዝን ልብ በአንዱ መስክ ብዙ ሽንፈት፣ በሌላው ትልቅ ተደማጭነት አመጣለት። ሜዳ ላይ ያልሠራ አመራር ቢሮ ላይ አይሠራም፣ ወይም ሜዳ ላይ የሠራው ሁሉ ቢሮ ላይ ይሠራል የሚል ሰው ይህን ቆም ብሎ ያስብበት።

ሽልማት ላይ ግን ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ማርክ ሌፐር እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት «ብትሥሉ ሽልማት አለ» ተብለው ከሣሉ በኋላ በነፃ ጊዜያቸው የሚሥሉት ቀነሰ። ሳይጠብቁት የተሸለሙት ላይ ግን ይህ አልታየም። «ለእያንዳንዱ ግብ ይህን እሰጥሃለሁ» የሚል ወላጅ ቢገጥምዎ በዚያው ሳምንት ያነጋግሩት፤ ልጁ ኳስ ማቀበል የሚያቆመው እዚያ ነው።

ለአማካይ ደግሞ፦ የውደን ተጫዋቾች ዩኒቨርሲቲ የደረሱ፣ ተመርጠው የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ሮናልድ ስሚዝ እና ፍራንክ ስሞል የልጆች ቤዝቦል አሰልጣኞችን ለጥቂት ሰዓት ሲያሠለጥኑ ያስተማሩት ጥረትን በቶሎ ማበረታታትን፣ ከስህተት በኋላ ማጽናናትንና በዚያው መመሪያ መስጠትን፣ ቅጣትን መተውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ጥናታቸው ካልሠለጠኑት አሰልጣኞች ዘንድ ከነበሩት ልጆች 26 ከመቶ በቀጣዩ ዓመት አልተመለሱም፤ ከሠለጠኑት ዘንድ 5 ከመቶ ብቻ። ስለዚህ ለ12 ዓመት ልጅ መረጃ ብቻውን አይበቃም፤ «ጥሩ ሞከርህ» ከፊቱ ይቅደም።

አማካይ፦

የወላጅ ተወካይ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ለዚያ ዕድሜ «ጥሩ ሞከርህ» ትቅደም። አንድ ነገር ብቻ፦ የተሞከረው ምን እንደሆነ ይጠራ። «ጥሩ ሞከርህ፣ በግራ እግርህ ነው ያቀበልኸው» ሲባል ልጁ ምን እንደሚደግም ያውቃል።

የመስመር ዳር፦

በጣም አመሰግናለሁ፤ የኮሚሽኑ ጉዳይ አላሰብሁትም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር። ጠባይ በቁጥር ይለካል? ግብና ሽያጭ ብቻ እየቆጠሩ ስለ ባሕርይ ማውራት እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስለኛል። ከጨዋታ ወይም ከወር መጨረሻ በኋላ የሚደረገው ውይይትስ እንዴት ይመራ?

ሒሳብ ሠሪ፦

ይጋጫል፣ ትክክል ነዎት። በቁጥር ብቻ የተገፋ ቡድን ቁጥሩን ያመጣል፤ እንዴት እንዳመጣው ግን አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የወጣው የአሜሪካው የዌልስ ፋርጎ ባንክ ጉዳይ ይህ ነው። ሠራተኞች ለአንድ ቤተሰብ ስምንት አገልግሎት እንዲሸጡ ይገፉ ነበር፤ ደንበኞች ሳያውቁ በስማቸው ሒሳብ ተከፈተ፤ 5,300 ያህል ሠራተኞች በዚሁ ተሰናበቱ። በታዳጊዎች ስፖርት ውስጥ የዚህ መንትያ የዕድሜ ማጭበርበር ነው። ፊፋ ከ2009 የ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ጀምሮ ዕድሜን ለመገመት የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት በኤምአርአይ (የሰውነት ውስጥ ምስል ማንሻ) ማስመርመር የጀመረው ማሸነፍ ብቻውን ሲቆጠር አዋቂዎች ምን እንደሚያደርጉ ስለታየ ነው።

ውጤቱን መቁጠር አይቅር፤ ከጎኑ ግን ውጤቱ የመጣበት መንገድ ይቆጠር። ለሜዳው አንድ ረዳት ወይም የቆሰለ ተጫዋች ወረቀት ይዞ ሁለት ነገር ብቻ ጭረት ያድርግ፦ ኳስ ከተነጠቀ በኋላ በአምስት ሰከንድ ውስጥ መልሶ የሮጠ፣ እና ጓደኛን በቃል የረዳ («ሰው አለ»፣ «ዙር»፣ «ቀጥል»)። ከሁለት በላይ ከሆነ ቆጣሪው ይስታል። የሚነበበው ድምሩ የቡድኑ ሆኖ ነው፤ የአንድ ልጅ ቁጥር ለራሱ ብቻ ይነገር። ለቢሮው፦ ከ90 ቀን በኋላ አሁንም ደንበኛ የሆኑት ስንት ናቸው፣ የተሰረዘ ሽያጭ ስንት ነው፣ ለባልደረባ የተላለፈ ደንበኛ ስንት ነው። ደንበኛ ጠላፊው ሠራተኛ በሽያጭ አንደኛ ሆኖ በስረዛም አንደኛ ከሆነ ውይይቱ ስለ ጠባይ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሥራ ይሆናል፤ ለሁለቱም ይቀላል።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ኮከቡ ምናልባት ኮከብ አይደለም፣ በዕድሜ ታላቅ ነው። የካናዳው ተመራማሪ ሮጀር ባርንስሊ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳሳዩት ምርጥ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ውስጥ በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱት እጅግ ይበዛሉ፤ የዕድሜ መቁረጫው ጃንዋሪ 1 ስለሆነ። በአንድ የዕድሜ ምድብ ውስጥ የ11 ወር ልዩነት በ12 ዓመት ላይ በቁመትና በፍጥነት በደንብ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት ተጫዋች መልማዮች የልጆቹ የልደት ቀን በወረቀት ቢሰጣቸውም በዕድሜ ታላላቆቹን ማስቀደማቸው አልቀረም፤ የማሊያ ቁጥሩ በዕድሜ ቅደም ተከተል ሲሆንና ይህ ሲነገራቸው ግን አድልዎው ጠፋ። ለልምምድ ማሊያ ያለ ወጪ የሚሠራ ነገር ነው። ቢሮ ውስጥ «ጎበዙ» ከሌሎቹ ሁለት ዓመት ቀድሞ የተቀጠረና ጥሩውን ክልል የያዘ ሰው መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ።

ውይይቱን በተመለከተ የአሜሪካ ጦር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚጠቀምበት አካሄድ ለሁለቱም ይሆናል። አራት ጥያቄ፦ ምን ልናደርግ ነበር? ምን ሆነ? ለምን? ቀጥሎ ምን እንያዝ፣ ምን እንለውጥ? መሪው መጨረሻ ይናገራል። መጀመሪያ ከተናገረ የተቀረው ሰው የእሱን ቃል ይደግማል። ልጆች ግን ጨዋታው እንዳለቀ ይህን አይችሉም፤ ተሸንፈው እያለቀሱ ነው፣ ወይም አሸንፈው አይሰሙም። ያኔ ሦስት ደቂቃ ይበቃል፦ ማን ተጎዳ፣ ዳኛውንና ተጋጣሚን ማመስገን፣ ቀጣዩ ልምምድ መቼ ነው። አራቱ ጥያቄ ለቀጣዩ ልምምድ መጀመሪያ ይቆይ፣ ለስምንት ደቂቃ።

ስህተት በሚነገርበት ቡድን ውስጥ ቁጥሩ መጀመሪያ የሚከፋ ይመስላል። ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው የሆስፒታል ጥናት ጥሩ የተባሉት ቡድኖች ብዙ የመድኃኒት ስህተት ተመዝግቦባቸው ተገኘ፤ ማብራሪያዋ ስህተታቸውን ስለማይደብቁ ነው የሚል ነበር። በመጀመሪያው ወር የስህተት ሪፖርት ከጨመረ አይደንግጡ፣ ያመጣውንም ሰው አይቆጡ።

ኮን ሰብሳቢ፦

ከላይ ያልተነሣ ነገር ልጨምር፦ ግማሹ ረብሻ የሚመጣው ከመሰለፍ ነው። ስምንት ልጅ በአንድ መስመር ቆሞ አንድ ኳስ ሲጠብቅ፣ ተራው 20 ሰከንድ ቢፈጅ እያንዳንዱ ከ160 ሰከንድ ውስጥ 140ውን ቆሟል። መሳቁና መገፋፋቱ እዚያ 140 ሰከንድ ውስጥ ነው። አራት አራት ሆነው ቢከፈሉ መቆሙ ወደ 60 ይወርዳል፤ ሁለት ለሁለት ኳስ ይዘው ቢሆን ጭራሽ አይኖርም። ስምንት ሰው በየተራ ሰባት ሰባት ደቂቃ ሪፖርት የሚያቀርብበት ስብሰባም ያው ነው፦ 56 ደቂቃ፣ ከዚያ 49ኙ ለእያንዳንዱ ሰው መጠበቅ። ሪፖርቱ ቀድሞ በጽሑፍ ይግባ፤ ስብሰባው የተጣበቀ ጉዳይ ላለበት ሁለት ሰው ይሁን።

የዕቃ ነገርም አለ። የኒውዚላንድ ብሔራዊ ራግቢ ቡድን፣ ኦል ብላክስ፣ ከጨዋታ በኋላ መልበሻ ክፍሉን ራሱ እንደሚጠርግ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም ዋንጫ ጃፓን በቤልጂየም 3 ለ 2 ተሸንፋ ስትወጣ ክፍሉን አጽድታ በሩሲያኛ የምስጋና ወረቀት ትታ ነበር። ወደ ታዳጊ ቡድን ሲመጣ ዝርዝር ያስፈልገዋል። ለእያንዳንዱ ልምምድ ሦስት ስም፣ በሳምንት መጀመሪያ ይለጠፍ፤ አንዱ ኮን፣ አንዱ ኳስ፣ አንዱ ሰደርያ። ዝርዝር ከሌለ ሁልጊዜ የሚሰበስቡት ሁለቱ ትሑት ልጆች ናቸው፤ ኮከቡ ውሃ እየጠጣ ይሄዳል። በቢሮ ቃለ ጉባኤ መያዝና ክፍሉን ማስተካከል እንዲሁ በዕድሜ ትንሹ ወይም በሴቶቹ ላይ ይወድቃል። ተራ ይግባለት፤ የአለቃው ስምም ተራው ውስጥ ይኑር።

ባለ ፊሽካው፦

የወላጅ ተወካይ እርማት ትክክል ነው፤ «ለብቻ» የሚለው «ሌላ አዋቂ በሚያይበት» ተብሎ ይነበብልኝ።

ለጠያቂው የሚቀረኝ የአጀማመሩ ነገር ነው። ሕጉ ወቅቱ ከተጀመረ በኋላ ከሆነ የሚወጣው ያለፈውን ጥፋት አይቁጠሩ። ልጆቹን ሰብስበው «እስካሁን ይህን ሳልነግራችሁ የቆየሁት እኔ ነኝ፤ ከሚቀጥለው ልምምድ ጀምሮ እንቆጥራለን» ይበሏቸው። ከዚያ ቀን በፊት ለኮከቡና ለወላጁ ቀድመው ይንገሯቸው፣ በሰው ፊት እንዳይደነግጥ። ለሽያጭ ሠራተኛውም እንዲሁ፤ ደንቡ ለሁሉም ከመላኩ አንድ ቀን በፊት ለብቻው ያንብበውና ጥያቄ ካለው ይጠይቅ። ወረቀቱ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ አራት ዓምድ ይበቃል፦ የተጫወተው ደቂቃ፣ የጥሰት ቁጥር፣ በዚያ ሳምንት የተሰጠው አንድ እርማት፣ እና ሲሞክረው ያዩበት ቀን። አራተኛው ዓምድ ለሁለት ሳምንት ባዶ የቆየበት ልጅ ካለ በሚቀጥለው ልምምድ መጀመሪያ ወደ እሱ ይሂዱ።